የዝግባዎቹ አርባ ቀን

እኔ ፈዲላ ግትር ሴት ነኝ፤ ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጥ ሁሉ ይመሰክርብኛል። «ይቺ ሚጥሚጣ አታቃጥልም» ያለኝን ደንበኛ አስነጥሼው ነው የምሸኘው። ዘንድሮ ግን ግትርነቴ ጉድ ሠራኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ኢሳ ነው። አባታችን ከወሎ መጥቶ ቡልቡላ ላይ መሬት ሲይዝ አንዲት ትልቅ ዝግባ እዚያው ቆማ ነበር። ጋሼ እሷ ሥር ተወለዱ፣ እሷን እያዩ አረሱ፣ አባታችን ሲሞት እኔንም እሷ ጥላ ውስጥ አሳደጉኝ። እርሻው ኮንዶሚኒየም ሆነ፤ እኛም አራተኛ ፎቅ ወጣን። ይሁን፣ ዛፏ በመስኮት ትታየን ነበር። ሰኔ ላይ መንገዱ ሲሰፋ እሷም ተቆረጠች።

ጋሼ ያን ቀን ወርደው፣ ከወደቀው ቅርንጫፍ አሥራ ሰባት ፍሬ ለቅመው፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። ለጁምዓ እንኳን! «ጉልበቴ ነው» ይላሉ። ጉልበታቸው ምንም አልሆነ፤ የከዳቸው ልባቸው ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀምጠው ዛፏ የነበረችበትን ባዶ ሰማይ ያያሉ። አውሮፕላን ከቦሌ ተነስቶ በዚያ ሲያልፍ «ድሮ ቅርንጫፉ ይጋርደው ነበር» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

መስከረም ላይ ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ አራገፉልኝ።

«ፈዲ፣ ከነዚህ አንዷን እንኳን ካቆምሽልኝ እወርዳለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ተብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል? ፍሬዎቹ ብይ ያህላሉ፣ ቅርፊታቸው ድንጋይ ነው። ቀስ ብዬ ሰነጣጠቅኳቸውና በባዶ የቲማቲም ጣሳ አንድ አንድ አድርጌ ተከልኳቸው። ከዚያ መጠበቅ ብቻ። ገበያ ተቀምጬ በርበሬ ስመዝን ሐሳቤ አፈር ውስጥ ነው። ጭር ባለ ቤት ውስጥ ጣሳውን ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጣለሁ፤ ወላሂ፣ የሆነ ነገር ሲተነፍስ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ዘጠኙ ብቅ አሉ። ቀጫጭን፣ አረንጓዴ፣ የፍሬውን ቅርፊት ገና ራሳቸው ላይ እንደ ቆብ የደፉ። ስምንቱ ዝም አሉ። እልል ልል ፈልጌ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ የሰው ዓይን ፈራሁ።

«አራስ ናቸው» አልኩ። አርባ ቀን ብርድ አይነካቸውም፣ ንፋስ አያገኛቸውም። የወጥ ቤቱን መስኮት ዘግቼ ስስ መጋረጃ ጋረድኩባቸው። ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ አሳድራቸዋለሁ። እንፋሎቱ ውስጥ ቆመው ሳያቸው ወጥ ቤቱ ጫካ ይመስለኝና ወጡ ያርርብኛል።

ልጄ ሸይማ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እማ፣ እንዲህ አይደለም። ፍሬው ሳይነቃ ብርድ ይችላል፤ ልክ ሲበቅል ግን ሴንሲቲቭ ይሆናል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብርድ እያለማመድሽ ነው የምታጠነክሪው። ሙቀት ብቻ ካሳየሽው አንድ ቀን ውርጭ ያገኘውና አለቀ!»

«ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ! አምስት ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ስልክሽ?»

«እኛ ዛፍ ነን እንዴ?»

«ሂጂ ከዚህ!» አልኳት። ሄደች።

አርባው የሞላው ታኅሣሥ ላይ ነው። አርባ ያለፈው ልጅ ደጅ ይወጣል። ከመግሪብ በኋላ ጣሳዎቹን በሁለት ዙር አወረድኳቸው፤ ዝም ያሉትንም ከወንድሞቻቸው እንዳይለዩ ብዬ። ከጋሼ መስኮት ትክክል፣ ሣሩ ላይ ደረደርኳቸው። ለሱብሒ ተነስተው ሰግደው ወደ ውጭ ሲያዩ፣ ዘጠኝ ዝግባ ቆሞ ሊጠብቃቸው ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ እኔ ሞኟ ውበቱን አደነቅኩ።

ያን ሌሊት በሕልሜ ዝግባዋ በደረጃችን ስትወጣ አየሁ። ሥሯን እንደ ቀሚስ ሰብስባ፣ በየፎቁ እያረፈች። አራተኛ ፎቅ ደርሳ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ ቤቱ ሁሉ የዝናብ ሽታ ሆነ። ጋሼ «ዘገየሽ» ሲሏት ነቃሁ። እየሳቅኩ ነበር።

ሰግጄ እየሮጥኩ ወረድኩ። ሣሩ ነጭ ነበር። ጣሳዎቹ ጠርዛቸው ነጭ ነበር። ጉም መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ አሁንም ሕልሙ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ጎንበስ ስል ግን ዘጠኙም በፈላ ውሃ እንደ ተነከረ ጎመን ጠቁረው ተኝተዋል። አንዷን በጣቴ ቀና አደረግኳት፤ ተመልሳ ወደቀች።

የአላህ ያለህ! ጋሼ ሳያዩ ልሰብስባቸው አሰብኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። እዚያው ውርጩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንደ ትንሽ ልጅ፣ ድምፅ አውጥቼ። በገዛ እጄ ነው የፈጀኋቸው። ልጄ ነግራኝ ነበር። ወንድሜ እንግዲህ እዚያ መስኮት ላይ ሊያረጁ ነው፣ በኔ ምክንያት።

«ፈዲ።»

ዞር አልኩ። ጋሼ ኢሳ ናቸው። እያለከለኩ ቆመዋል፤ አንዱ እግራቸው የራሳቸውን፣ ሌላው የሸይማን ነጠላ ጫማ አድርጓል።

«ጨረስኳቸው ጋሼ!»

ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሱ አጠገቤ ተቀመጡና፣ ዝም ካሉት ጣሳዎች አንዱን ስበው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። ፍሬዋን አውጥተው አሸተቷት፣ በጥፍራቸው ጫን አድርገው ሞከሯት።

«ይቺ ገና ተኝታለች» አሉ። «ውርጭ የነቃውን ነው የሚበላው። የተኛውን አያገኘውም።»

«ይበቅላሉ?»

«አላህ ያውቃል።» መልሰው ቀበሯትና አፈሩን በመዳፋቸው ደለደሉት።

«ታዲያ ምን አወረደዎት? አንዷንም አላቆምኩልዎት።»

ተቆጡ። ከሰኔ ወዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ! መሬት ላይ ወድቀሽ እያየሁ ፎቅ ላይ ልቀመጥ?»