የበሩ ሮቶ

በር ላይ የቆምነው ሁለት ነን። ዲያቆን ጌታነህ ሮቶውን ይሞላል፣ ሰው ያስታጥባል። እኔ ግንባር እለካለሁ። ኮሮና ሶዶ ከገባ ወዲህ እሁዳችን ይኸው ነው።

"ቤተክርስቲያን በሽጉጥ ትቀበሉን ጀመራችሁ?" አሉኝ እትዬ የማርያምወርቅ፣ መለኪያውን ስደግንባቸው።

"ይቁሙ እንጂ እትዬ።"

"ተኩሺ በቃ!"

ሠላሳ አራት ከምናምን። ይግቡ።

ጠዋቱን ሙሉ እንዲያ ነበር። ሁሉም ቀዝቃዛ። እሰይ አልኩ።

አባዬም መጣ። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ስኳር አለበት። እንዳላስይዘው ብዬ ምግቡን ደጃፍ አስቀምጬለት ነው የምሄደው። ከነካሁት ቆየሁ።

"ዛሬ እቆርባለሁ" አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሳል አለው። ብርድ ነው ይላል።

ለካሁት። ሠላሳ አራት ተኩል። ግባ አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ሰዉ ሳሳ አለ። ዞር ስል በድሉ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሮቶው ስር ጎንበስ ብሏል። በጆግ ቀዳ፣ አናቱ ላይ አፈሰሰ፣ ግንባሩን አሸ፣ የተረፈውን ጠጣ። ጆጉን ለሚቀጥለው ሰጠ። ያም እንደዚያው።

"ምን ታረጋለህ? እጅህን ታጠብ ነው የተባልከው!"

"ጸበል ነው እኮ።"

"የምን ጸበል?"

ጌታነህን አየሁት። አንገቱን ሰበረ።

"ቧንቧ ከትናንት ጀምሮ የለም። ከጸበሉ ሞላሁት። ታዲያ ባዶ ልተወው?"

"ለሰው ነገርክ?"

"ለአንድ ሰው ብቻ።"

አንድ ሰው በቂ ነው። ጸበል አግኝቶ እጁን ብቻ ታጥቦ የሚሄድ ማን አለ?

የራሴን ግንባር ለካሁ። ሠላሳ ስድስት ተኩል። ከሮቶው ቀድቼ ፊቴን አራስኩና ደግሜ ለካሁ። ሠላሳ አራት።

ያስገባሁት ሁሉ ፊቱ እርጥብ ነበር። አባዬም። ሳሉ ትዝ አለኝ።

ሮጥኩ። በወንዶቹ በር ገባሁ። "ሴትዮ! በዚያ ነው!" አለኝ አንዱ። አልሰማሁትም። አባዬ ከፊት ነው፣ ከቆራቢዎቹ ጋር። በኖራ የተሰመረው ርቀት ተረስቷል። ሽማግሌዎቹ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል።

በነጠላዬ ጫፍ ግንባሩን ጠረግኩት። ሳልለካው ጣቴ አወቀ። ለካሁት ደግሞ። ሠላሳ ዘጠኝ።

"አባዬ።"

"ዝም በይ። ልቁረብና ትወስጂኛለሽ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ሳልቆርብ ልሙት?"

ሥጋ ወደሙ አያስይዝም፣ አምናለሁ። እነዚህ ትከሻዎች ግን? አጠገቡ ያሉት አቶ አምባቸው መቋሚያቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አባዬ ሲያስል እዚያው አጠገቡ ነበሩ።

"አባቴ ትኩሳት አለበት" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

ዙሪያው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። አባዬ መሃል ላይ ብቻውን ቀረ። ቅዳሴ አይቋረጥም፣ ዜማው ቀጠለ። አባዬ እንዲህ ባለ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። ነጠላውን አፉ ላይ ሳበና ወጣ።

ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይንቀጠቀጣል። ለጤና ጣቢያው ደወልኩ። መኪና እየላክን ነው አሉ። ስልኩ ሁለቴ ወደቀብኝ።

ከቦርሳዬ ውሃ አወጣሁ።

"ጠጣ። ከንፈርህ ደርቋል።"

ራሱን ነቀነቀ።

"ጾሜን ነኝ። ከቀመስኩ አለቀ፣ አልቆርብም።"

"አባዬ፣ ስኳር አለብህ! በዚህ ትኩሳት ላይ!"

"ራቅ በይ። ልጆች አሉሽ።"

አልራቅሁም። ጠርሙሱን ከፍቼ አፉ ላይ ያዝኩለት። ጥርሱን ነከሰ። ውሃው አገጩ ላይ ወረደ። እዚሁ እፊቴ ይሞታል አልኩ። ለመንኩት። ተቆጣሁት። ዓይኑ ከወንዶቹ በር አልተነሳም።

ከውስጥ ሰው አሳለ።

አንዴ። ዝም አለ። ከዚያ ደጋገመው፣ ረጅም፣ ደረቅ ሳል። አባዬ ቆሞ ከነበረበት በኩል ነው። ሁለታችንም በሩን አየን።

"አምባቸው ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"የእኔ ነው ወይስ የራሱ?"

"አላውቅም አባዬ።"

ሳሉ አልቆመም። አባዬ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለኝ። አማተበ። እስኪያልቅ ጠጣው።