ሁለተኛው ቅጠል

በረዶው ከቀለጠ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ከዳቶንግ ከተማ በስተምሥራቅ ያለው ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል፤ የእኛ ብቻ ባዶ ነው። እዚህ ሁሉም የሚያመርተው፣ እምቡጡ ደርቆ የሚበላው ቢጫ አበባ የብርዱን ወራት ከአፈር በታች ተኝቶ ስለሚያልፍ፣ እስከዚህ ሳምንት ድረስ ማሳችን ከሌላው ልዩነት አልነበረውም።

ባለቤቴ ዩንሼንግ ሥሩን ከተከለው ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እምቡጡን ለቅመን የምናደርቅበት የመጀመሪያው ዓመት ይሆን ነበር። እሱ ባለፈው ነሐሴ ሞተ።

አማቴ፣ የዩንሼንግ እናት፣ ቁጢጥ ብለው አፈሩን በጣታቸው ይጭራሉ።

«የዚያ የቺያው በጎች ናቸው» አሉ። «ቅጠሉን ግጠው ጨረሱት። አርባ ዓመት ጎረቤት ሆኖ፣ ልጄ ተቀብሮ ሳምንት ሳይሞላው! ጥጋበኛ!»

ቅጠሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ ቅጠል ይወጣል፤ ውርጭ እስኪመታው ድረስ ሥሩን የሚቀልበው እሱ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ዩንሼንግ በተቀበረ በስድስተኛው ቀን ማሳው ለምልሞ ሳየው ግን ማጭድ አነሳሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አማቴ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ቡቃያ አገኙ።

«ከሦስቱ አንዱ ቢተርፍ ነው። ዘንድሮ የአበባው አገዳ ብቅ ሲል እንቆርጠዋለን። ካበበ ሥሩ ያልቃል።»

«እማማ፣ በጎቹ አይደሉም። እኔ ነኝ ያጨድኩት።»

ጣታቸው አፈሩ ውስጥ ቆመ።

«ቺያው በዚያ ብርድ ለአዲስ ዓመት ዳቦ ይዞ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር» አሉ። «በመጥረጊያ አባረርኩት። አንቺም እዚያው ቆመሽ ታዪ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔን ተይኝ። ለሱ ንገሪው።»

ጋሽ ቺያው ከቦዩ ማዶ ነበሩ። ወደ እሳቸው ስሄድ ሲያዩ በጎቹን ከድንበራችን ለማራቅ በዱላ ያጣድፏቸው ጀመር።

«ጋሽ ቺያው፣ ይቁሙ!»

«አልነኩም!» አሉ ሳይዞሩ። «ዓይንሽ እያየ! ደግሞ ምን አለና ነው የሚበሉት? አፈር ይብሉ?»

አንዲት ግልገል ወደ ማሳችን ስትዞር ድንጋይ አንስተው ጎኗን መቷት።

«እኔ ነኝ ያጨድኩት!» ብዬ ጮኽኩ።

ነፋሱ ከእሳቸው ወደ እኔ ይነፍስ ስለነበር ድምፄ አልደረሳቸውም። ጭቃው ጫማዬን እየያዘው ወደ እሳቸው ሮጥኩ።