መታጠፊያው ላይ ያለው ደረጃ

አባባ ቤታችንን በገዛ እጁ ሲሠራ የደረጃውን የታችኛውን ክፍል ከወለሉ ወደ ላይ፣ የላይኛውን ደግሞ ከፎቁ ወለል፣ ከሶሌታው፣ ወደ ታች ሠርቶ መታጠፊያው ላይ ሊያገናኛቸው ሲል አልገጠሙለትም። የጎደለውን ከፍታ ለሁሉም ከማካፈል ይልቅ ለአንዱ ደረጃ አሸከመው። እኛ ልጆቹ እዚያ ስንደርስ እግራችንን ከፍ ማድረግ የተማርነው በቅጡ አፍ ሳንፈታ ነው። እማዬ የታጠበ ልብስ የምታጣጥፈው እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ «አባታችሁ ሒሳብ ሲሳሳት እንኳ ወንበር ይሠራልኛል» እያለች ታሾፍበት ነበር።

እማዬ ካረፈች በኋላ የአባባ ዓይን እየደከመ መጣ። ታላቅ እህቴ ቁርጡን ነገረችው፤ «ወይ ደረጃው የእጅ መደገፊያ ይገጠምለታል፣ ወይ አንተ ምድር ቤት ትወርዳለህ።» ከእማዬ ጋር የኖረበትን የላይኛውን ክፍል ከመልቀቅ መደገፊያውን መረጠ። እኔም ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ሕንፃ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ደረጃውን በሜትር ለካች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ደግማ ለካች።

«አባቴ፣ ደረጃው ከታደሰ አብሮ መስተካከል አለበት» አለችው። «የዚህኛው ቁመት ከሌሎቹ ይበልጣል። እንዲህ እያለ ፈቃድ መስጠት አልችልም።»

«ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩት የምይዘው ብረት ነው። ደረጃዬን መቼ ከሰስኩት?»

ሳቀች። «ሰው ደረጃ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ይረግጥና የቀሩትን ሳያይ ያምናል። አንዱ ከበለጠ ይጥለዋል። ደንቡ የወጣው ለዚህ ነው።»

«የኔ እግር ግን ያውቀዋል። ዓይኔ ያቃተውን እሱ ነው የሚያይልኝ። ብታስተካክሉት ያኔ ነው የምወድቀው።»

እውነቱን ነበር። ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ለሰው ደኅንነት የተጻፈው ነገር አባቴን ሊጥለው ነው።

«ለመሆኑ በዚህ ቤት ማን ወድቆ ያውቃል?» አለ አባባ፣ የረታ መስሎት።

«ያልወደቀ ማን አለ?» አለች እህቴ። «አጎቴ ወድቋል። የቧንቧ ሠራተኛው ከነመፍቻው ወድቋል። ሌላው የተረፈው እማዬ ከማድ ቤት ሆና ‹እሷን ደረጃ ተጠንቀቁ› እያለች ስለምትጮህ ነው።»

አባባ ፊቱን ወደ ማድ ቤቱ በር አዞረ።

«አሁን ማን ይጮሃል?» አለ ለራሱ እንደሚናገር።

ያን ጊዜ ደንቡ በሌላ መልክ ታየኝ። የጻፈው ሰው እኛን አያውቀንም፤ ነገር ግን አስጠንቃቂ በሌለበት ቤት ስለሚገባ እንግዳ አስቀድሞ ተጨንቆ ነበር።

«አፍርሱት» አለ አባባ። «እኔ ግን ከላይ አልወርድም።»

ግንበኛው መዶሻውን ይዞ መጣና ገና ከመጀመሩ አላበው። «አባት፣ ምን ቢያቦኩበት ነው እንዲህ እምቢ ያለኝ?»

«ወጣት ነበርኩ፤ ሚስቴም ቆማ ታየኝ ነበር» አለው አባባ።

ከፍታው ለሁሉም የተካፈለው አዲሱ ደረጃ ሲደርቅ አባባ የተገጠመለትን ብረት ይዞ ወጣ። መታጠፊያው ላይ እንደ ልማዱ እግሩን ከፍ አድርጎ ቢያነሣ ማረፊያ አጣ። ተንገዳገደ፤ ብረቱን ጨምድዶ ቆመ። ልደግፈው ሮጥሁ።

«ልቀቂኝ» አለኝ። «እግሬን ላስተምረው።»

ወረደ፤ ወጣ፤ ደግሞ ወረደ። ሲወጣ መታጠፊያው ላይ በደረሰ ቁጥር እግሩ ከፍ ይልና አየሩን ጥቂት ይዳብሳል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ያርፋል። እያደር ከፍታው እየቀነሰ ሄደ። አንድ ጠዋት እግሩ አየሩን ሳይዳብስ እማዬ ልብስ ታጣጥፍበት በነበረው ስፍራ ሲያልፍ እኔና እህቴ ከታች ቆመን አየነው። ደስ ሊላት ሲገባ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አባባ ግን ሳያቆም ወጥቶ ክፍሉ ገባ፤ መስኮቱን ሲከፍት ሰማነው።