የአንድ ሚሊዮን አንድ አካፋዮች

ልጄ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ጡብ ደርድሬ አሳድጌዋለሁ፣ ማንም ፊት አንገቴን አልደፋም። ትንሽ ሳለ ጡብ ማድረቂያው ሜዳ ድረስ እየተከተለኝ የደረደርኩትን ያፈርሳል፤ ሳይተርፍ እኩል ረድፍ የሚወጣለትን ሊፈልግ። አንዲት ጡብ ከተረፈችበት ያለቅሳል። ሲያድግ አንድ ቁጥር ወደደ፣ ሚሊዮን ላይ አንድ የተጨመረበት። የሰው ልጅ ኮረዳ ይወዳል፤ የእኔው ቁጥር!

"ስሚ እማ፣ ሁለት አይከፍለው፣ ሦስት አይከፍለው፤ ሰባትም አሥራ ሦስትም አፍረው ይመለሳሉ። መቶ አንድ እስኪመጣ ከአንድ በቀር የሚደፍረው የለም።"

"መቶ አንድስ ሲመጣ?"

"መቶ አንድ ረድፍ፣ በየረድፉ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ጡብ። አንዲት አትተርፍም! እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ማንንም አያስጠጉም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጡብ ማን ሊሸከመው ነው?" ስለው በሳቅ ይፈርሳል።

በኋላ ያ የመርሳት በሽታ መጣና ጭንቅላቱን እንደ ብል በላው። ቤቱ ጠፍቶበት መኪና መሃል ቆሞ አገኙትና ሆስፒታል አስገቡት። ልውሰደው ብል ሐኪሟ፣ የልጅ ልጄን የምታህል፣ "እማማ፣ ሰው ካልለየ በር ከፍቶ ይጠፋብዎታል። እርስዎን ካወቀዎት ግን ይውሰዱት" አለችኝ።

"የወለድኩትን ልታስተዋውቂኝ ነው?" አልኳት።

ጠዋት አልጋው አጠገብ ቆምን። ቀኑን ጠየቀችው፤ ከብርድ ልብሱ ክር መዘዘ። የት እንዳለ ጠየቀችው፤ ሌላ ክር መዘዘ። "አንቺ አጠያየቁን አታውቂበትም፣ ዞር በይ" አልኩና ገባሁበት።

"አንድ ሚሊዮን አንድን ማን ይከፍለዋል?"

ዓይኑ በራ። "መቶ አንድና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ።"

"ሰማሽ?" አልኳት። ልብሱን ከቁም ሳጥኑ ማውጣት ጀመርኩ። ሱሪውን፣ ሹራቡን፣ ካልሲውን ሳይቀር።

ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "መምህር፣ እኚህ እናት ማን ናቸው?"

ልጄ የሸሚዙን ቁልፍ አስተካክሎ ቀና አለ። በትህትና ፈገግ አለልኝ።

"የተማሪ ወላጅ ናቸዋ። ይቀመጡ እናቴ። ስለ ልጅዎ ሊጠይቁ ነው?"

ያን የሚያህል ቁጥር ከነዘር ማንዘሩ ሲያውቅ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ጠፋሁበት! ሱሪውን መልሼ አጠፍኩና ተቀመጥኩ።

"አዎ መምህር" አልኩት። "እንዴት ነው ልጄ?"

"ጎበዝ ነው። ትንሽ ይረብሻል እንጂ ክፉ አይደለም።" ጠጋ ብሎ ሹክ አለኝ። "ዛሬ ግን ደክሞታል። ቀደም ብለው ቤት ይውሰዱት።"

ሐኪሟ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"እሺ መምህር" አልኩና ብቻዬን ወጣሁ።