የሚርበተበት ነበልባል

ብርጭቆ የማቀልጥበት ነበልባል ከጠዋት ጀምሮ አንዴ እየዘለለ አንዴ እየሟሸሸ አስቸገረኝ። የእሳቱን አፍ ጠረግሁ፤ ቱቦዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ የሚያፈስ የለም። የቀረው የኦክስጅኑን ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተር ነበር። ሲሊንደሩን ዘግቼ ስፈታው ጣቴ ላይ ዘይት ቀረ።

“ይሄን ማን ነካው?”

“ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይላል ብዬ እኔ ነኝ የቀባሁት” አለ መካኒኩ ዋርሳዬ። “በይ ምርቃቱን አምጪ!”

“ኦክስጅን ዘይት ካገኘ ክብሪት አይጠብቅም!”

ለካ እስካሁን ከሞት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ ነው ዶቃ የሠራሁት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። “የወንድሜንም ቀብቼዋለሁ።”

ከግድግዳው ማዶ ባሌ ሥራ ሊጀምር ሲዘጋጅ ፉጨቱ ይሰማል። ግድግዳውን በጡጫዬ እየደበደብኩ ጠራሁት።

“ሲሊንደሩን ልክፈትና መጣሁ!” አለኝ።