ካርቱም በበሶ ሲለካ

አቻምየለሽን ያንገበገባት የባሏ መሄድ አልነበረም። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ የተሰደደው ብዙ ነው። ያንገበገባት «መንገዱ ሩቅ ነው» የሚሏት ነገር ነው። ገደፋው በ1929 ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ካርቱም ሲሰደድ በሶውን ፈጭታ፣ ስልቻውን ሞልታ የሸኘችው እሷ ናት። ይኸው አራት ዓመት።

እሷ የደምበጫ ሰው ናት። ካባቷ የወረሰችው መሬት እዚያ ጦሙን ያድራል። ሄጄ ላሳርስ ስትል የጋብቻቸው ዋስ አያ አለኸኝ አይለቋትም። ባል መንገድ ላይ ሳለ ሚስት ጎጆ አፍርሳ አትሄድም፤ ዋሱ ስለ ባልየው «ቀርቷል» ካላለ ፍቺ የለም፣ ከብትም አይከፈልም።

«አያ፣ መቼ ነው ቀርቷል የሚሉት?»

«መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ። በረሃ አለ፣ ወንዝ አለ። ታገሺ።»

«ኧረ ታግሼ ታግሼ ትዕግሥቱ ራሱ ሰለቸኝ!»

ከሱዳን በኩል የመጣ ነጋዴ ሳትጠይቀው አያልፍም። ስንት ቀን ፈጀብህ አትልም፤ ወንድ መንገዱን ሲያወራ ቀን ያበዛል። ስንት ስልቻ በሶ ጨረስክ ነው የምትል። አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት ይላታል። ሦስት ለመሄጃ፣ ሦስት ለመመለሻ፤ ቢበዛ ስድስት ስልቻ። ስድስት ስልቻ ደግሞ ዓመት አያደርስም። ይህን ብትነግራቸው አያ አለኸኝ «የጓዳ ሒሳብ» ብለው ሳቁባት።

በ1933 የካቲት ሲያልቅ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሜዳው ላይ አረፈ። ሰው ግልብጥ ብሎ ሊያይ ወጣ፤ አቻምየለሽም ወጣች። ታከለ የሚባል አስተርጓሚ ሲወርድ አገኘችው።

«ከየት ተነሣችሁ ወንድሜ?»

«ከካርቱም።»

«ስንት ስልቻ በሶ ጨረሳችሁ?»

ሳቀ። «የምን በሶ አመጣሽ እቴ! ጧት ባንድ ሰዓት ሻያችንን ጠጥተን ተነሣን፤ ይኸው አራት ተኩል ሳይሞላ ደረስን።»

«እዚያ ገደፋው የሚባል የቡሬ ሰው ታውቃለህ? ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው።»

«ባለ ጠባሳው? ይኸን ጭነት የጫነልን እሱ አይደል! ባዶ ቦታ አለ፣ ና አገርህ ግባ ብንለው ‹መንገዱ ሩቅ ነው› ብሎ አሳቀን። ምን ያድርግ፣ እዚያ ሚስት አግብቷል።»

አቻምየለሽ አላለቀሰችም። እጁን ይዛ አያ አለኸኝ ከቆሙበት ወሰደችው። «የነገርከኝን ለእርሳቸው ድገምላቸው» አለችው። ደገመላቸው።

ሽማግሌው አውሮፕላኑን አዩ፤ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። «ከጧት እስካሁን?»

«ከጧት እስካሁን፣ አባቴ።»

«ና ብላችሁት እምቢ አለ?»

«እምቢ አለ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። «እንግዲያማ ቀርቷል» አሉ።

በማግስቱ ከባሏ ጋር በጋራ በነበሯቸው ሁለት በሬዎች ላይ ዕጣ ተጣለ፤ ለእሷ ቀዩ ደረሳት። ታከለ ሊመለስ ነበርና ለገደፋው ምን ልበልልሽ ቢላት «ምንም» አለችው። በሬዋን እየነዳች ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው በኩል አልፋ፣ በሦስተኛው ቀን ደምበጫ ገባች። ክረምቱ ሲቃረብ እንደሷው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤት ጋር ተቀናጅታ መሬቷን አሳረሰች።