የፉርሽካ ቀለብተኞች

ኤልሳቤት ከምትሠራበት ዱቄት ፋብሪካ ስትወጣ ፉርሽካ ሳትሸከም ዓለም ገና ከተማ የተከራየችው ቤት ገብታ አታውቅም። እናቷ ቤት ወላይታ፣ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ለጓሮ ሲጭር ይውላል። እሷ ግን አሥራ ሁለት ዶሮዎቿን ቤት ዘግታ፣ «የኔዎቹ የፋብሪካ ቀለብተኛ ናቸው፤ ምን ጎደለባቸው?» እያለች ትኮራ ነበር። ኩራት ዐይን ይጋርዳል፣ እውነት ነው!

ሐምሌ ላይ ማነጠስ ጀመሩ። ዐይናቸው አብጦ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ቋጠረ። ክትባት አስከትባቸዋለች፤ ምን ዋጋ አለው! ጎረቤት መክሯት የሰው ቴትራሳይክሊን ውሃቸው ላይ በጠበጠች። ሁለቱ ሞቱ። አከራይዋ ኦቦ ኪሩ በሩ ላይ ቆመው፣ «የኔዎቹ ዶሮዎች ላይ ሳይጋባ፣ እስከ እሑድ ሳምንት አንድም እንዳይቀር!» አሉ። «እሺ» አለችና ገብታ አለቀሰች። በሰው አገር «የኔ» የምትለው እነዚያን ዶሮዎች ብቻ ነበር።

በማግስቱ በጣም የታመመችውን ቀይ ዶሮ በካርቶን ይዛ እንስሳት ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ላሊሴ የዶሮዋን ዐይን ገልጣ አየች።

«ምን ትበላለች?»

«ፉርሽካ።»

«ቅጠልስ?»

«ኧረ ምንም።»

«እትዬ፣ ቫይታሚን ኤ አጥታ ነው። እሱ ከሌለ የዐይንና የአፍንጫዋ ሽፋን ይደርቃል፤ በር እንደሌለው ቤት ማንም በሽታ ዘው ይላል። የመከላከል አቅሟም ስለሚደክም ክትባት እንኳ በደንብ አይዝላትም።»

«ጠግባ ነው እኮ የምታድረው!»

«ሆዷ ጠገበ፤ ገላዋ ተራበ» አለች ላሊሴ፣ የቫይታሚን ጠብታ እየሰጠቻት። «ጎመን ስጫቸው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ኤልሳቤት ከሥራ ስትወጣ ገበያ ገብታ ነጋዴ የጣለውን ቅጠል ትለቅም ጀመር። የሥራ ጓደኞቿ ሳቁባት። ይሳቁ!

የተባለው እሑድ ደረሰ፤ ኦቦ ኪሩ መጡ። ኤልሳቤት ቀይዋን ዶሮ አቅፋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን ቢያስጠጉ ዶሮዋ ጠቅ አደረገቻቸው።

«ያ ዋቃ! አምላኬ! ታያለች እኮ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ወለሉ ላይ ያለውን የጠወለገ ቅጠል አዩ። «ይኼን ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከገበያ፤ የተጣለ ነው።»

ኦቦ ኪሩ ተቆጡ። «ከአጥሩ ወዲያ የኔ ጎመን ከሰው ተርፎ ለከብት ሲጣል፣ አንቺ ከቆሻሻ ትለቅሚያለሽ? ሁለት ዓመት አብረን ኖረን?»

«ተከራይ ነኛ፣ ኦቦ። አንቱን በምን አፌ ልጠይቅ?»

ኦቦ ኪሩ ወደ አጥሩ ሄደው ሁለት አጣና ነቀሉ።

«በዚህ እየገባሽ ቅጠፊ» አሉ።